ሊዘ ማይትነር እና የቤታ ስፔክትረም ክርክር

በጀርመን ካርልስሩኸ ከተማ የሚገኘው «ካትሪን» የተሰኘ የምርምር መሣሪያ ከትሪቲየም ጋዝ የሚወጡ ኤሌክትሮኖችን እንደየኢነርጂያቸው እየለየ ይቆጥራል። ዓላማው የስፔክትረሙን ጫፍ፣ ማለትም በ18.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ያለውን ጠባብ ክፍል መርምሮ የኒውትሪኖን መጠነ ቁስ ማወቅ ነው። ለዚህም የተለካው ስፔክትረም በስሌት ከሚገኘው ጋር እጅግ ብዙ ጊዜ መነጻጸር ይኖርበታል። ስሌቱ ብዙ ተለዋዋጭ ግብአቶች ያሉትና ከአሥር ሺህ አንድ ያነሰ ስሕተት ብቻ የሚፈቀድለት በመሆኑ ኮምፒውተሮችን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ተመራማሪዎቹ በ2022 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት መፍትሔ አንድን ኒውራል ኔትዎርክ በስሌቱ ውጤቶች ማሠልጠን ነበር። የሠለጠነው ኔትዎርክ የሚፈለገውን ጥራት ሳያጓድል ስሌቱን አንድ ሺህ እጥፍ ገደማ አፍጥኖታል።

ኔትዎርኩ የተማረው ስፔክትረም ግን ከኒውክሊየሱ የወጣው ንጹሕ ስፔክትረም ብቻ አይደለም። ኤሌክትሮን ከተወለደበት ጋዝ ሳይወጣ ከሞለኪውሎች ጋር ይጋጫል፤ በየግጭቱም ከኢነርጂው ያጣል። በመሆኑም ኤሌክትሮኑ ከኒውክሊየስ ሲወጣ የነበረው ኢነርጂና በመንገድ የጠፋበት ኢነርጂ በስሌቱ ውስጥ ተለይተው ተቀምጠዋል። ዛሬ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ እንደ ተራ ግብአት የሚታየው ይህ ልዩነት ከመቶ ዓመት በፊት የፊዚክስን ሊቃውንት ለሁለት የከፈለ ጥያቄ ነበር። በጥያቄው ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ረጅም ጊዜ የቆየችው፣ የተሳሳተችውም፣ ስሕተቷንም በገዛ እጇ ለክታ ያረጋገጠችው ሊዘ ማይትነር ናት።

ማይትነር በኅዳር ወር 1878 በቪየና ከተማ ከአንድ አይሁዳዊ የሕግ ጠበቃ ቤተሰብ ተወለደች፤ ከስምንት ልጆች ሦስተኛዋ ነበረች። በዘመኑ የኦስትሪያ ሴቶች ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያደርሰው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይፈቀድላቸውም ነበር። የዩኒቨርሲቲው በር በ1897 ሲከፈትላቸውም የመግቢያውን ፈተና ለመውሰድ በግል መዘጋጀት ነበረባት፤ በ1901 ፈተናውን አልፋ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ገባች። በዚያም ሉድቪግ ቦልትዝማን መምህሯ ሆነ። በ1906 በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪ ስትቀበል በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ይህን ካገኙት ሴቶች ሁለተኛዋ ነበረች። በዚያው ዓመት ቦልትዝማን የገዛ ሕይወቱን አጠፋ።

በ1907 የማክስ ፕላንክን ትምህርት ለመከታተል ወደ በርሊን ሄደች። ፕላንክ ሴቶች በዩኒቨርሲቲ መማራቸውን እንደ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር የሚደግፍ ሰው አልነበረም፤ እርሷን ግን ተቀበላት። ለሙከራ ሥራ ያገኘችው ባልደረባ በዕድሜ እኩያዋ የሆነው የኬሚስትሪ ሊቅ ኦቶ ሃን ነው። ሃን ይሠራበት በነበረው የኤሚል ፊሸር ተቋም ሴት እንዳትገባ ተከልክሎ ስለነበር የተሰጣቸው ቦታ ከምድር ቤት ያለ፣ የራሱ መግቢያ በር የነበረው የቀድሞ የአናጢ ክፍል ነው። ማይትነር ወደ ላይኛው ቤተ ሙከራ መውጣት አትችልም ነበር፤ መጸዳጃ ቤት እንኳ በአቅራቢያው ወዳለ ምግብ ቤት ትሄድ ነበር። ደመወዝም አልነበራትም። ክልከላው የተነሣው ፕሩሲያ ለሴቶች ዩኒቨርሲቲዎቿን ከከፈተች በኋላ ነው።

ከዚህ የአናጢ ክፍል የቤታ ጨረር ታሪክ ይጀምራል። በቤታ ፍርሰት ጊዜ አንድ ኒውክሊየስ ኤሌክትሮን አውጥቶ ወደ ቀጣዩ ኤለመንት ይለወጣል። አልፋ ቅንጣቶች ከአንድ ንጹሕ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ሲወጡ ተመሳሳይ ኢነርጂ እንዳላቸው በወቅቱ ይታወቅ ስለነበር ሃንና ማይትነር ቤታ ኤሌክትሮኖችም እንዲሁ ይሆናሉ ብለው ተነሡ፤ አንድ ንጥረ ነገር፣ አንድ ኢነርጂ። ሐሳቡን ያጠናከረላቸው በዘመኑ የታመነበት ሌላ ግምት ነው። ይኸውም አንድ ዓይነት ኢነርጂ ያላቸው ኤሌክትሮኖች በአሉሚኒየም ቅጠል ውስጥ ሲያልፉ ብዛታቸው በኤክስፖኔንሻል ሕግ ይቀንሳል የሚል ነበር። አቀናነሱ ከዚህ ሕግ ከወጣ ንጥረ ነገሩ ንጹሕ አይደለም፣ በውስጡ ሌላ ያልታወቀ ነገር አለ ማለት ነው ብለው ያስቡ ነበር። በ1909 ዊልያም ዊልሰን በማንቸስተር ኤሌክትሮኖችን በማግኔት ለይቶ ሲለካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በእርግጥ አንድ ዓይነት ኢነርጂ ያላቸው ኤሌክትሮኖች የኤክስፖኔንሻሉን ሕግ አይከተሉም። የንጽሕና መስፈርቱ ፈረሰ፤ የአንድ ኢነርጂው እምነት ግን አልፈረሰም።

ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አልነበረም። ማይትነርና ሃን ከኦቶ ፎን ባየር ጋር ሆነው ከ1910 ጀምሮ ጥያቄውን በተሻለ መሣሪያ መረመሩት። በቀጭን ሽቦ ላይ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ለበጡ፤ ኤሌክትሮኖቹን በጠባብ ስንጥቅ አሳልፈው፣ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ በመግነጢሳዊ መስክ አጠፉአቸውና በፎቶግራፍ ፕሌት ላይ እንዲያርፉ አደረጉ። የኤሌክትሮኑ ኢነርጂ ሲለያይ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል። ፕሌቱ ሲታጠብ ደማቅ መስመሮች ታዩ። እያንዳንዱ መስመር አንድ የተወሰነ ኢነርጂ ነው። መስመሮቹ ከአንድ በላይ መሆናቸው እምነቱን ቢያናጋውም የተወሰነ ኢነርጂ አለ የሚለውን ሐሳብ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ሰጠው። ለማሳመን ፈቃደኛ ያልሆነው ራዲየም ኢ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ቢስመዝ 210 የሚባለው ይህ ንጥረ ነገር በመስመር ፈንታ የተድበሰበሰ ሰፊ ጥቁረት ሰጣቸው።

በ1914 በዚያው በርሊን፣ በሃንስ ጋይገር ቤተ ሙከራ የነበረው ወጣቱ እንግሊዛዊ ጄምስ ቻድዊክ ፎቶግራፉን ትቶ ኤሌክትሮኖቹን በቆጣሪ መቁጠር ጀመረ። ያገኘው ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ኢነርጂ ሳይቋረጥ የተዘረጋ ስፔክትረም ነበር፤ መስመሮቹ በላዩ እንደ ትናንሽ ጉብታዎች ተቀምጠዋል እንጂ ዋናውን ብዛት የያዙ አልነበሩም። ታማኙ ምስክር የመሰለው ፕሌት ጠባቧን ጥቁረት አጉልቶ ሰፊውን ደብዛዛ መደብ ይሰውር ነበር። ዛሬ አንድ ኒውራል ኔትዎርክ በእነዚያ ፕሌቶች ብቻ ቢሠለጥን ማይትነር ከተማረችው የተለየ ነገር ሊማር እንደማይችል መገመት አያዳግትም፤ ጉድለቱ ከአስተዋዩ ሳይሆን ሁሉም መረጃ በአንድ ዓይነት መሣሪያ ውስጥ ከማለፉ የመጣ ነበርና።

ጦርነቱ ክርክሩን አቋረጠው። ቻድዊክ በርሊን አጠገብ በሩሌበን የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ከሌሎች የእንግሊዝ ዜጎች ጋር ታሰረ። ከእስረኞቹ መካከል ለውትድርና ይሠለጥን የነበረ ቻርልስ ኤሊስ የሚባል ወጣት ከቻድዊክ ፊዚክስ ተማረ፤ ከእስር ሲወጣም ውትድርናውን ተወ። የማይትነር ዋና ተከራካሪ የሚሆነው ይህ ሰው ነው። እርሷ በበኩሏ በኦስትሪያ ጦር የኤክስሬይ ነርስ ሆና አገለገለችና ወደ በርሊን ተመለሰች። በ1912 የፕላንክ ረዳት በመሆን የመጀመሪያ ደመወዟን አግኝታ ነበር፤ በ1917 በካይዘር ቪልሄልም የኬሚስትሪ ተቋም የራሷ የፊዚክስ ክፍል ተሰጣት፤ በ1918 ከሃን ጋር ፕሮታክቲኒየምን አሳወቀች። በ1926 በበርሊን ዩኒቨርሲቲ በጀርመን የመጀመሪያዋ የፊዚክስ ሴት ፕሮፌሰር ሆነች።

በ1920ዎቹ ኤሊስ ከካምብሪጅ፣ ማይትነር ከበርሊን ሆነው በጽሑፍ ተሟገቱ። ኤሊስ መስመሮቹ የቤታ ፍርሰት ቀጥተኛ ውጤቶች አይደሉም አለ፤ ከኒውክሊየስ የሚወጣ ጋማ ጨረር በአቶሙ ዙሪያ ያሉትን ኤሌክትሮኖች ሲያስወጣ የሚፈጠሩ ናቸው፣ የፍርሰቱ እውነተኛ ኤሌክትሮኖች ያልተቋረጠውን ስፔክትረም የሠሩት ናቸው ሲል ተከራከረ። ማይትነር መስመሮቹ በጋማ ጨረር መሠራታቸውን ብትቀበልም ኒውክሊየስ የኳንተም ሕግ የሚገዛው ሥርዓት ሆኖ ሳለ ኤሌክትሮኑን በዘፈቀደ ኢነርጂ ያስወጣል የሚለውን መቀበል አልቻለችም። ለእርሷ ኤሌክትሮኖቹ ሁሉ ከኒውክሊየስ የሚነሡት በአንድ ኢነርጂ ነው፤ ስፔክትረሙ የተዘረጋው በመንገድ ላይ በግጭትና በጨረር ኢነርጂ ስለሚያጡ ነው።

ይህ አቋም ግትርነት ብቻ ነበር ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። በአንድ ዐቢይ ነጥብ ትክክል የነበረችው እርሷ ናት። ኤሊስ ጋማው ከፍርሰቱ በፊት ይወጣል ብሎ ነበር፤ ማይትነር በ1925 የመስመሮቹ ኢነርጂ የሚስማማው ከፍርሰቱ በኋላ ከሚገኘው አዲስ ኤለመንት ጋር መሆኑን አሳየች፤ ስለዚህ ጋማው የሚከተል እንጂ የሚቀድም አይደለም። የኢነርጂ ኪሳራ ሐሳቧም ከንቱ አልነበረም፤ ካትሪን ዛሬ በብዙ ድካም የሚያሰላው ኪሳራ እርሷ የጠረጠረችው ዓይነት ነው። የተሳሳተችው ኪሳራ በመኖሩ ሳይሆን ስፔክትረሙን በሙሉ ኪሳራ ይገልጸዋል በማለቷ ነው።

ጥያቄውን ስፔክትረሙን ራሱን ደጋግሞ በመለካት መፍታት አይቻልም ነበር፤ የመለኪያ መሣሪያው ሁሉ ኤሌክትሮኑን የሚያገኘው ከመንገዱ በኋላ ነውና። ኤሊስና ዊልያም ዉስተር ሌላ ዘዴ አሰቡ። ራዲየም ኢን ኤሌክትሮኑ ሊያልፈው በማይችለው ብረት ውስጥ ቢዘጉት ኤሌክትሮኑ በግጭት ያጣውም፣ ይዞት የቀረውም ኢነርጂ ሁሉ ሙቀት ይሆናል። ማይትነር ትክክል ከሆነች ለእያንዳንዱ ፍርሰት የሚገኘው ሙቀት የስፔክትረሙን ጫፍ፣ በወቅቱ ግምት 1,050,000 ኤሌክትሮን ቮልትን ያህል ይሆናል፤ ኤሊስ ትክክል ከሆነ ግን የስፔክትረሙን አማካይ፣ ከ400,000 በታች የሆነውን ያህል ብቻ ይሆናል። የሙቀቱ ጭማሪ እጅግ ትንሽ ነበር፤ በዚያ ላይ ራዲየም ኢ ራሱ ወደ ፖሎኒየም ስለሚለወጥ የፖሎኒየሙ አልፋ ሙቀት ከቀን ወደ ቀን ይቀላቀልበታል። የራዲየም ኢ ግማሽ ዕድሜ አምስት ቀን፣ የፖሎኒየሙ 138 ቀን መሆኑ ሁለቱን ለመለየት ረዳቸው። በ1927 ያሳተሙት ቁጥር 344,000 ኤሌክትሮን ቮልት ነበር፤ የስሕተት ወሰኑ አሥር በመቶ።

ማይትነር ውጤቱ አስደነገጣት፤ አላመነችውምም። ያደረገችው ነገር ግን ተቃውሞ መጻፍ አልነበረም። ከቪልሄልም ኦርትማን ጋር ሆና የተሻለ የሙቀት መለኪያ ሠርታ ሙከራውን ከሥር ደገመችው። ሥራው ሁለት ዓመት ገደማ ወሰደ። በ1930 የታተመው ቁጥር 337,000 ኤሌክትሮን ቮልት፣ የስሕተት ወሰኑ ስድስት በመቶ ነበር። የራሷ ቁጥር ከተከራካሪዋ ቁጥር ጋር ከመስማማቱም በላይ ይበልጥ የጠበበ ነበር። በዚህም አላበቃችም፤ የጎደለው ኢነርጂ ብረቱን አልፎ በወጣ ጋማ ጨረር ተሸክሞ እንደሆነ በቆጣሪ ፈለገችው። አላገኘችውም። ለሐሳቧ የቀረውን የመጨረሻ መሸሸጊያ የዘጋችው ራሷ ናት።

ኤሊስ አሸነፈ፤ ፊዚክስ ግን ችግር ላይ ወደቀ። ኒውክሊየሱ ከፍርሰቱ በፊትም ሆነ በኋላ የተወሰነ ኢነርጂ ካለው፣ ኤሌክትሮኑ ግን አንዳንዴ ጥቂት አንዳንዴ ብዙ ይዞ የሚወጣ ከሆነ ቀሪው የት ይሄዳል? ኒልስ ቦር የኢነርጂ ጥበቃ ሕግ በኒውክሊየስ ውስጥ በአማካይ ብቻ የሚሠራ ሊሆን ይችላል እስከማለት ደረሰ። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ይህን አልወደደም። በታኅሣሥ 4 ቀን 1930 በቱቢንገን ለተሰበሰቡ የራዲዮአክቲቭ ተመራማሪዎች ደብዳቤ ላከ። ከኤሌክትሮኑ ጋር አብሮ የሚወጣ፣ ቻርጅ የሌለው፣ ማንም ያላየው ቀላል ቅንጣት ይኖር ይሆን ብሎ ጠየቀ። ራሱ ያልተገኘው ዙሪክ ላይ የዳንስ ምሽት ስለነበረው ነው። ሐሳቡን ድፍረት የሞላበት ያደረገው በቱቢንገን የነበሩት ሰዎች የሙቀቱን ቁጥር ማወቃቸው ነው፤ ቁጥሩ ባይረጋገጥ ኖሮ ፓውሊ ሊያድነው የተነሣው ሕግ አደጋ ላይ አይሆንም ነበር።

ኤንሪኮ ፌርሚ በ1934 የፓውሊን ቅንጣት ኒውትሪኖ ብሎ የስፔክትረሙን ቅርጽ የሚያሰላ ቲዎሪ አወጣ። ካትሪን የሚያሰላው ስፔክትረም መሠረቱ ይህ ነው። የሚገርመው ማይትነር የለካችው ራዲየም ኢ ለፌርሚ ቀላል ስሌት ያልተገዛ መሆኑ ነው። ፍርሰቱ «የተከለከለ» ከሚባሉት ወገን በመሆኑና በስሌቱ ውስጥ ትልልቅ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ስለሚጣፉ ቅርጹ ከተለመደው በእጅጉ ይርቃል፤ እስከ አሁንም ከኒውክሊየስ ቲዎሪዎች ከባድ ፈተናዎች አንዱ ነው።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የማስተማር ፈቃዷን ተነጠቀች። የኦስትሪያ ዜግነቷ ለጊዜው ስለጠበቃት በተቋሙ መሥራቷን ቀጠለች፤ ያኔ አለመውጣቷ ከባድ ስሕተት እንደነበር ከጦርነቱ በኋላ አምናለች። በመጋቢት 1938 ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል ያ ከለላ ቀረ። በሐምሌ ወር የኔዘርላንዱ ፊዚሲስት ዲርክ ኮስተር በባቡር ድንበር አሻገራት። በኪሷ አሥር ማርክ፣ ለክፉ ቀን እንዲሆናትም ሃን የሰጣት የእናቱ የአልማዝ ቀለበት ብቻ ነበር። ዕድሜዋ 59 ነበር። ከዚያ ወደ ስቶክሆልም ወደ ማነ ሲግባን ተቋም ሄደች፤ በዚያም መሣሪያም ረዳትም እንደ በርሊኑ አላገኘችም።

የኒውክሊየስ መሰንጠቅ ታሪክ በብዙ ጽሑፍ የተነገረ ነው። በ1938 መጨረሻ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ዩራኒየምን በኒውትሮን ከደበደቡ በኋላ ባሪየም ማግኘታቸውን ሃን በደብዳቤ ነገራት። በስዊድን ኩንግኤልቭ ከእኅቷ ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር በበረዶ ላይ እየሄዱ ነገሩን አወጡት አወረዱት፤ ኒውክሊየሱ ለሁለት ሲከፈል የፕሮቶን አንድ አምስተኛ ያህል መጠነ ቁስ ጠፍቶ 200 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ እንደሚለቀቅ አሰላች። ትርጓሜያቸው በየካቲት 1939 ታተመ። የ1944 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ግን ለሃን ብቻ ተሰጠ። በቦምብ ሥራ እንድትሳተፍ ተጠይቃ እምቢ አለች።

ማይትነር ፓውሊ ያሰበው ያ ቅንጣት ሲያዝ ለማየት ደርሳለች። ፍሬድሪክ ራይንስና ክላይድ ካወን በ1956 ከአንድ የኒውክሌር ማብላያ አጠገብ ኒውትሪኖን መያዛቸውን ሲያሳውቁ 77 ዓመቷ ነበር። በ1960 ወደ ካምብሪጅ ተዛወረች፤ በ1966 ከሃንና ከሽትራስማን ጋር የኤንሪኮ ፌርሚን ሽልማት ተጋራች። በጥቅምት 27 ቀን 1968 አረፈች። የተቀበረችው በሃምፕሸር፣ በብራምሊ መንደር ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ከአራት ዓመት በፊት ከሞተው ከታናሽ ወንድሟ ከቫልተር አጠገብ ነው።